ጨዋማ ስለተባለው ጉድጓድና ስለ ሚጣ ኬሚስትሪ

ይድረስ እናትም እኅትም ለሆንሽኝ ለእታለም፣

እንደምን ከረምሽ? ወገብሽን እንዴት አደረገሽ? ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናው ላይ ጎንበስ ብለሽ ስትውዪ የሚይዝሽ ነገር ተወሽ ወይስ አሁንም ቀና ስትዪ ግድግዳ ትደገፊያለሽ? ትራስ ከጀርባሽ አድርጊ ያልኩሽን ሰምተሽ እንደማታደርጊው አውቃለሁ፤ ቢሆንም ደግሜ ብያለሁ። እማማስ እንዴት ናት? በግራ ጆሮዋ በኩል ሲያወሯት ደህና እንደምትሰማ ጽፈሽልኝ ነበርና ይህን ደብዳቤ ስታነቢላት በዚያ በኩል ተቀመጪ። ባለቤትሽስ? ቀለም ሲቀባ ከመሰላል ወድቆ ያበጠው ቁርጭምጭሚቱ ዳነለት? ትንሹስ ልጅሽ የፊት ጥርሶቹ በቀሉለት ወይስ አሁንም ሲስቅ በእጁ ይሸፍናል? ልጅሽን ሚጣን በመጨረሻ ያነሳኋት ስለረሳኋት አይደለም፤ የዛሬው ደብዳቤ ግማሹ የእርሷ ስለሆነ ነው።

እኔ ደህና ነኝ። ይህን የምልሽ ለደብዳቤ ወግ አይደለም፤ የእውነት ደህና ነኝ። ክፍሌ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ታገኛለች። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራው ክፍል ተጋሪዬ እንደ ልማዷ ወሬዋ አያልቅም፣ እኔም እንደ ልማዴ ግማሹን አልሰማም። ሥራዬም ያው የውሃ ምርመራ ላቦራቶሪ ውስጥ ጠርሙስ ማጠብ ነው። ነበር ልበል እንጂ። እሱን ስደርስበት እነግርሻለሁ።

ደብዳቤሽን አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ሚጣ «ኬሚስትሪ ጭንቅላቴ ውስጥ አይገባም፣ ከእንግዲህ ትምህርት ቤት አልሄድም፣ አንቺ ዘንድ ቁጭ ብዬ ስፌት ልማር» እንዳለችሽ አነበብኩ። አንቺ ደግሞ ልታጽናኛት ብለሽ «አክስትሽም እኮ ለፈተናው ደህና አድርጋ ተዘጋጅታ ነበር፤ በዕለቱ ታማ ነው እንጂ ታልፍ ነበር» እንዳልሻት ጽፈሻል። እዚያች መስመር ላይ ስደርስ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። መውረጃዬንም አለፍኩት። ሁለት ፌርማታ በእግሬ ተመለስኩ።

እታለም፣ አልታመምኩም ነበር።

የዚያን ቀን ጠዋት ትኩሳትም፣ ራስ ምታትም፣ ምንም አልነበረብኝም። አዳራሹ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ፣ ወረቀቱን ገልብጡ ሲሉን ገለበጥኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ የሶዲየምን የኤሌክትሮን አደራደር ጻፉ ይላል። ሁለት፣ ስምንት፣ አንድ። እሱን አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ ዕቃ ሳጥብ እንኳ እያዜምኩ የሸመደድኩት ነው። ከሥሩ ግን «ይህ አደራደር ሶዲየም ከክሎሪን ጋር ሲገናኝ ምን እንዲያደርግ ያደርገዋል? ምክንያቱን አስረዱ» ይላል። ደጋግሜ አነበብኩት። ሁለት፣ ስምንት፣ አንድ የምን ቁጥር እንደሆነ፣ የሚቆጠረው ነገር ምን እንደሆነ፣ ለምን በሦስት ተከፋፍሎ እንደሚጻፍ ጭራሽ እንደማላውቅ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሦስት ዓመት የለፋሁበት ነገር ባዶ ሆኖ ታየኝ። ሌሎቹን ጥያቄዎች ገልጬ እንኳ አላየሁም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወረቀቱን መልሼ ወጣሁና ከአዳራሹ ጀርባ ካለው የውሃ ታንከር ሥር ተቀመጥኩ። ጊዜው አልቆ ሰው መውጣት ሲጀምር ተቀላቀልኳቸው። አንቺ ጃኬቴን በክንድሽ አንጠልጥለሽ በር ላይ ቆመሽ ነበር። እንዴት ነው ስትዪኝ ደህና ነው አልኩሽ።

ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ የፈተናው ቀን ትኩሳት ነበረብኝ፣ እንዳታስቢ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ አልኩ። አንቺ ማመን ብቻ ሳይሆን ጠበቃ ቆምሽልኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለጠየቀሽ ሰው ሁሉ «ታማ ነው» አልሽ። ከሁለታችን አንዳችንን ብቻ ማስተማር በሚቻልበት ዘመን ከስምንተኛ ክፍል ወጥተሽ መኪናው ላይ የተቀመጥሽው አንቺ ነሽ፤ በአንቺ ድካም የተማርኩት ደግሞ እኔ። ያንን እያወቅሁ እውነቱን ልነግርሽ ፊት አጣሁ። አሁን ግን የእኔ ውሸት ለልጅሽ ማጽናኛ ሆኖ ሲነገር ዝም ማለት አልቻልኩም። በመታመሜ አይደለም የወደቅሁት፤ አልገባኝም ነበር፣ አልገባኝም ብዬ የምናገርበት ድፍረትም አልነበረኝም። ይቅር በዪኝ።

ይህን የምጽፍልሽ ግን እንድታዝኚ አይደለም፤ ከዚያ ወዲህ የሆነውን ልነግርሽ ነው።

ዓምና የላቦራቶሪው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ወረቀት ተለጠፈ። ረዳት ቴክኒሻን መሆን የሚፈልግ ሠራተኛ የመግቢያ ኬሚስትሪ ትምህርት ወስዶ ማለፍ አለበት፤ ትምህርቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነው ይላል። በየቀኑ ሰሌዳው አጠገብ ሳልፍ ወደ ሌላ በኩል እያየሁ አራት ወር አሳለፍኩ። አንድ ቀን ኃላፊያችን፣ ንግግር የማይወዱ፣ ሲቆጡም ድምፃቸውን የማይጨምሩ ሴት ናቸው፣ ወረቀቱ ሥር ቆመው አገኙኝና «መዝጊያው ዓርብ ነው» ብለውኝ አለፉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሐሙስ ተመዘገብኩ።

ክፍሉ የትንንሽ ልጆች ክፍል ነው፤ ወንበሮቹ ጉልበታችን አገጫችንን እስኪነካ ድረስ ዝቅ ያሉ ናቸው። ተማሪዎቹ አሥራ አንድ ነን፤ ከጎኔ አንድ ወፍራም የታክሲ ሹፌር፣ ከፊቴ አንዲት ፀጉር ሠሪ። መምህሩ ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ ዕድሜያቸውን ጨርሰው ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። በመጀመሪያው ቀን የምናውቀውን እንድንናገር ጠየቁን። እኔም አፌ ላይ የመጣልኝን፣ ሶዲየም ሁለት፣ ስምንት፣ አንድ አልኩ። «ጎበዝ፤ ምንድን ነው የምትቆጥሪው?» አሉኝ። እንደገና ያው ጥያቄ። እግሬ ወደ በሩ ሊነሳ ሲል ተሰማኝ። ግን ከእነዚያ ወንበሮች ላይ በቶሎ መነሳት አይቻልም፤ ስለዚህ «አላውቅም» አልኩ። ሽማግሌው ፊታቸው በራ። «እንግዲያው ከዚህ እንጀምራለን» አሉና ጠመኔ አነሡ።

የሚቆጠረው ኤሌክትሮን ነው እታለም። አቶም የምትባለው ደቃቅ ነገር መሐሏ ላይ አስኳል አለ፤ በዙሪያው ኤሌክትሮኖች በእርከን በእርከን ይገኛሉ። የመጀመሪያው እርከን ሁለት ብቻ ይይዛል። ሁለተኛው ስምንት። ሶዲየም አሥራ አንድ ኤሌክትሮን ስላለው ሁለቱ ውስጠኛው ላይ፣ ስምንቱ ቀጣዩ ላይ ሆነው አንዷ ሦስተኛው እርከን ላይ ብቻዋን ትቀራለች። ከአስኳሉ ስለራቀች የሚይዛት ኃይል የላላ ነው፤ በቀላሉ ትለቃለች። ክሎሪን ደግሞ አሥራ ሰባት አሉት፤ ሁለት፣ ስምንት፣ ሰባት። የውጨኛው እርከን ስምንት ሲሆን ነው አቶሙ የሚረጋው፤ ክሎሪን አንድ ጎድሎታል። ሁለቱ ሲገናኙ ሶዲየም ያችን አንዷን ይለቃል፣ ክሎሪን ይወስዳል። የሰጠው አዎንታዊ፣ የወሰደው አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ይኖረዋልና ይሳሳባሉ፣ ተያይዘውም ይቀራሉ። የምንበላው ጨው ይኸው ነው። ያ ሁሉ ዘመን ያዜምኩት ዜማ ይህን ያህል ነበር።

ሹፌሩና ፀጉር ሠሪዋ ባይኖሩ ግን በዚህ ዕድሜ አይዘልቅልኝም ነበር። መምህሩ ኒዮን የሚባለው ጋዝ ከማንም ጋር የማይጣመረው ለምን እንደሆነ ሲጠይቁ ሹፌሩ «ሁሉ ሞልቶለት፣ ምን ጎድሎት ብሎ ሰው ጋር ይነታረካል» አላቸው። ፀጉር ሠሪዋ ደግሞ «ሰባት ይዞ አንድ ለመንጠቅ የሚንሰፈሰፈውስ ቁርጥ የቤት አከራዬን ነው» አለች። መምህሩ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ግን መነጽራቸውን ጠርገው፣ አቶም ልብ የለውም፣ ይፈልጋል፣ ይሰጣል የምንለው ለአነጋገር ያህል ነው፣ ነገሩ የሚያርፈው ጉልበቱ ዝቅ በሚልበት ሁኔታ ላይ ነው ብለው አስጠነቀቁን። እሱንም ጻፍኩ።

አሁን ወደ ጉድጓዱ ልምጣ።

እኛ ዘንድ በየሳምንቱ ከየሰፈሩ ጉድጓድ የውሃ ናሙና ይመጣል። ጠርሙሶቹን የማጥበው እኔ ነኝ፤ በአሲድ አጥባለሁ፣ ከዚያ በእንፋሎት በተጣራ ንጹሕ ውሃ ሦስት ጊዜ አለቀልቃለሁ፣ ማድረቂያ ውስጥ እደረድራለሁ። ከሁለት ወር በፊት ከኮረብታው ሥር ካለው ሰፈር የመጣው ናሙና ላይ ክሎራይዱ በአንዴ አሻቀበ። ክሎራይድ ማለት ያ አንድ ኤሌክትሮን የወሰደው ክሎሪን ነው፤ ሲበዛ ውሃው ጨዋማ ሆነ ይባላል። ናሙናው በሌላ ጠርሙስ ተደግሞ ተቀዳ፤ ያው ሆነ። የአሲድነቱ ልክ የሚለካው እዚያው ጉድጓዱ ላይ ስለሆነና እሱ ደህና ስለነበር ማንም ሌላ ነገር አልጠረጠረም። ጉድጓዱ ተዘጋ።

አውቶቡሴ በዚያ ሰፈር ያልፋልና በየጠዋቱ በመስኮት አያቸው ነበር። ውሃ የሚያመላልሰው ቦቴ እስኪመጣ ሰዉ ከእነ ጄሪካኑ ተሰልፎ ይጠብቃል። አንዲት ነፍሰ ጡር ባዶ ጄሪካን ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ስታሽ አይቻለሁ። አንድ ጠዋት ደግሞ አንድ ሽማግሌ አውቶቡሱ ውስጥ ገብተው ለሹፌሩ «ሠላሳ ዓመት የጠጣሁት ውሃ ነው፤ አንድ ቀን ጨው ጨው ብሎኝ አያውቅም» ሲሉ ሰማሁ። አዘንኩላቸው እንጂ ነገሩ እኔን ይመለከታል ብዬ አላሰብኩም። ሁለተኛው ሳምንት ሊያልቅ ሲል ጉድጓዱ ለዘለቄታው ሊደፈን ነው፣ ውሳኔው በሚቀጥለው ሳምንት አጋማሽ ይፈረማል ተባለ።

ያን ቅዳሜ መምህሩ ሌላ ዓይነት ትስስር አስተማሩን። ክሎሪን ከሶዲየም ይወስዳል፤ ከሃይድሮጅን ጋር ሲሆን ግን መውሰድ አይሆንለትም፣ ይጋራሉ። ሃይድሮጅን አንድ ያዋጣል፣ ክሎሪን አንድ ያዋጣል፣ ጥንዱ ለሁለቱም ይሆናል። መጋራቱ ግን እኩል አይደለም፤ ክሎሪን ጥንዱን ወደ ራሱ ይስባል። «ውሃ ውስጥ ሲገቡ ይለያያሉ» አሉ መምህሩ፤ «ክሎሪኑ ሁለቱንም ኤሌክትሮኖች ይዞ ይሄዳል፣ ክሎራይድ ይሆናል። ፈሳሹ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይባላል።» ስሙን ሰሌዳው ላይ ጻፉት።

እጄ ቆመ። ያንን ስም በየቀኑ አየው ነበር፤ ማጠቢያዬ ሥር፣ አዲሱ ጄሪካን ላይ። ድሮ የማጥብበት ናይትሪክ አሲድ አልቆ ከዕቃ ግምጃ ቤት ሌላ ላኩልኝ፤ ሲሰጡኝም «ያው አሲድ ነው» አሉኝ፣ እኔም ያው አሲድ ነው ብዬ ተቀበልኩ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ውሃ ማጣሪያው ተበላሽቶ ንጹሑ ውሃ አልበቃ ሲለኝ ሦስት ጊዜ የማለቀልቀውን አንድ ጊዜ አደረግሁት። ማንም አላዘዘኝም፤ በራሴ ነው። አፋቸው ጠባብ የሆኑት ጠርሙሶች ውስጥ የቀረችው ጠብታ አሲድ ናት እንግዲህ የጉድጓዱን ውሃ ጨዋማ ያሰኘችው። በመጀመሪያውም በድጋሚውም የሄዱት ጠርሙሶች በዚያ ሳምንት ያጠብኳቸው ነበሩ፤ ለሌሎቹ ጉድጓዶች የሄዱት ግን ቀድመው በድሮው አሲድ የታጠቡት ነበሩ።

ትምህርቱ ሲያልቅ መምህሩን ተከትዬ ናይትሪክ አሲድስ ክሎሪን አለበት ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። በጠመኔ ሠሩልኝ፤ ሃይድሮጅን፣ ናይትሮጅን፣ ኦክስጅን። ክሎሪን የለበትም። ለምን እንደጠየቅሁ ሲሉኝ እንዲሁ ነው አልኳቸው።

እሑድን እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቂኝ። ለክፍል ተጋሪዬ ነገርኳት። እርሷ የምታስበው ለእኔ ነውና «ዝም ብለሽ ከነገ ጀምረሽ ደህና አድርገሽ እጠቢ፤ ውሃው ራሱ ይስተካከላል፣ ማን ያውቃል?» አለችኝ። ልክ ናት፤ ማንም አያውቅም ነበር። ግን የመድፈኑ ውሳኔ እስኪፈረም ሦስት ቀን ነው የቀረው፤ የተደፈነ ጉድጓድ ደግሞ ደህና በታጠበ ጠርሙስ አይከፈትም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ዝም ለማለት አስቤ ነበር። ሥራዬን አጣለሁ፣ ትምህርቱም ይቀርብኛል ብዬ። ከሰዓት በኋላ ልብሴን ሳሰጣ ግን ያ የውሃ ታንከር ሥር የተቀመጥኩበት ጠዋት ትዝ አለኝ። አንድ ጊዜ መደበቄ ምን ያህል ዘመን እንደወሰደብኝ ቆጠርኩ። ይህን ደግሞ ልጨምርበት አልፈለግሁም።

ሰኞ ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ገባሁ። አንድ ወጣት ቴክኒሻን አለን፤ የሚሠራበት ሲልቨር ናይትሬት ቆዳ ስለሚያጠቁር ጣቶቹ ዘወትር እንደ ጠቆሩ ናቸውና ጣተ ጥቁር እንለዋለን። እሱን ለመንኩት። ሁለት ጠርሙስ ሰጠሁት፤ አንዱ በድሮው አሲድ ታጥቦ ቁም ሣጥን ውስጥ የቆየ፣ አንዱ ያለፈው ሳምንት ያጠብኩት። ሁለቱንም በንጹሕ ውሃ ሞላን። ከዚያ ከሲልቨር ናይትሬቱ ጠብ ጠብ አደረገባቸው። ውስጡ ያለው ብር ክሎራይድ ካገኘ ይያያዛል፣ ውሃ የማያላቅቀው ነጭ ነገር ይሆናል። የድሮው ጠርሙስ እንደጠራ ቀረ። የእኔው ወተት ጠብ እንዳለበት ደፈረሰ። ጣተ ጥቁር ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አንሥቶ ብዙ አየውና «ጨዋማው ጉድጓዱ ሳይሆን እኛ ነን» አለ።

ለኃላፊያችን አብረን ነገርናቸው። ጠርሙሱን አዩት። ማን ነው ያጠበው አሉ። እኔ አልኩ። «ስንት ጊዜ አለቀለቅሽው?» አሉኝ። አንዴ አልኳቸው። ውጪ ጠብቂ ብለውኝ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። በደህናው ጠርሙስ አዲስ ናሙና እንዲቀዳ ሰው ሲላክ አየሁ፤ ሰውየው ሲመለስም አየሁ። ምሳ አልበላሁም። ጋዋኔን አውልቄ አጥፌ ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር፤ ሲያሰናብቱኝ ለማስረከብ እንዲመቸኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጠሩኝ። ውሃው እንደ ወትሮው ነው፣ ምንም የለበትም አሉኝ። ቀጠሉና፣ «ሰዉን ሁለት ሳምንት አሰልፈሽዋል። ይህን አልሸፍንልሽም፤ ሪፖርቱ ላይ እጽፈዋለሁ» አሉኝ። እሺ አልኩ። «አሲዱ ሲለወጥ ሳላይ የፈረምኩት ደግሞ እኔ ነኝ፤ እሱንም እጽፋለሁ። ስህተቱን ማን እንዳገኘው፣ ማንስ እንደተናገረም እጽፋለሁ።» ከዚያ ወረቀታቸውን ማገላበጥ ጀመሩ፤ ልወጣ ስል «ጋዋንሽን ልበሺ፤ ያንን ሁሉ ጠርሙስ እንደገና ማጠብ አለብሽ» አሉኝ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አጥቤ አላውቅም።

ረቡዕ ጉድጓዱ ተከፈተ። ሐሙስ ጠዋት በአውቶቡሱ ሳልፍ ሰልፉ የለም፤ ቦቴው ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ እርጥብ መሬት ብቻ ነበር። ሰዎቹ እንዲያ የተንገላቱት በእኔ ምክንያት መሆኑ አሁንም ይቆጨኛል። ግን እዚያ ቦታ ላይ ማንም አለመኖሩን ሳይ መስኮቱ ላይ ግንባሬን ደግፌ ሳቅሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ዘወር ብላ አየችኝ።

ፈተናውንም ያለፈው ወር ወሰድኩ። ከመቶ ሰማንያ አንድ አገኘሁ። ሹፌሩም አልፏል፤ ፀጉር ሠሪዋ ከሁላችን በለጠችና አሁን ደንበኞቿ ላይ ስለ ፀጉር ቀለም ኬሚስትሪ እየሰበከች አስቸግራለች አሉ። እኔም ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ረዳት ቴክኒሻን ነኝ። ጠርሙስ ማጠቡን ለአዲሷ ሠራተኛ ሳስረክብ ለምን ሦስት ጊዜ እንደሚለቀለቅ ቁጭ አድርጌ አስረዳኋት፤ «አጥቢ» ብቻ ብዬ አልተውኳትም።

አሁን የሚጣ ተራ ነው። ይህችን ጠጋ ብላ ታንብባት።

ሚጣዬ፣ እኔ አልታመምኩም ነበር፤ እናትሽ ታስረዳሻለች። አልገባኝም ማለት ፈርቼ ነው የወደቅሁት። አንቺ አልገባኝም ብለሽ በመናገርሽ ከእኔ ትሻያለሽ። ትምህርቱ ከብዶሽ ከሆነ ወደ እናትሽ መኪና ሂጂ፣ ግን ለመቅረት ሳይሆን ለማየት። እናትሽ ሁለት ጨርቅ ስታገናኝ መርፌው የሚወጋው የት ነው? ጠርዙን ነው። የጨርቁ መሐል የፈለገው ዓይነት አበባ ቢኖርበት ለስፌቱ ምንም አያደርግም። አቶምም እንዲሁ ነው፤ ከሌላው ጋር የሚጣመረው በመጨረሻው እርከን ላይ ባሉት ኤሌክትሮኖች ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ስትጽፊ የመጨረሻዋን ቁጥር አክብቢያት፤ ምን ያህል አለው፣ ስምንት ለመሙላት ስንት ይጎድለዋል ብለሽ ጠይቂ። ትንሽ ብቻ ካለው ይለቃል፣ ትንሽ ብቻ ከጎደለው ይወስዳል። ሁለቱም የጎደላቸው ከሆኑ ደግሞ እናትሽ ከሁለቱም ጨርቅ ጠርዝ ጥቂት ጥቂት አጥፋ እንደምትሰፋው ይጋራሉ፤ ስፌቱ የሁለቱም ነው። እኔ በሃያ ሁለት ዓመት ያገኘሁት ይህን ነው፤ አንቺ በአንድ ከሰዓት ትጨርሽዋለሽ። ከዚህ በኋላም ስፌት ከመረጥሽ ምረጪ፣ ጥሩ ሙያ ነው፤ ግን ሸሽተሽ አትምጪበት።

እታለም፣ አንቺም ስታስጠኚያት ዝም ብለሽ አትመልከቻት፣ እርሳስ ያዢ። ትንሽና ትልቅ የክር ጥቅልል ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ በዙሪያው ክብ ክቡን ሥሩ፣ ኤሌክትሮኖቹን በልብስ ቁልፍ ደርድሯቸው። ከኦክስጅን ጀምሩ፤ ስምንት ቁልፍ ነው የሚበቃችሁ። ስንት እንደጎደለው መጀመሪያ የምታገኚው አንቺ እንደምትሆኚ እወራረዳለሁ፤ ከድሮም ሒሳብ ላይ ትበልጪኝ ነበር።

እንግዲህ ለሁሉም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እማማን በግራ ጆሮዋ በኩል ጠጋ ብለሽ ሳሚልኝ፤ ስለ ፈተናው እውነቱን እርሷም ትስማ፣ ምናልባት ከእናንተ ሁሉ ቀድማ አውቃው ይሆናል። ባለቤትሽን ቁርጭምጭሚቱ ሳይጠናለት መሰላል እንዳይወጣ ተናግሬሃለሁ በዪልኝ። ትንሹን ጉንጩን ቆንጥጪልኝ፣ በጥርሱ እንዳያፍር። ሚጣን እቅፍ አድርጊልኝ። ጎረቤታችንን ባለሱቋንም፣ የላከችልኝ የሹራብ ጓንት እጄን ከቅዝቃዜው አድኖታል በዪያት። የቀረውን ሰው አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እየቆጠርሽ አድርሺልኝ።

ነገ ጠዋት ከናሙና ቀጂው ጋር ወጣ ወዳለ አንድ ሰፈር እንሄዳለን። ኃላፊያችን ቀጂዋ አንቺ ሁኚ፣ እሱ ይመለከትሻል ብለውኛል። ስድስቱን ጠርሙሶች ዛሬ አዘጋጅቼ ሣጥን ውስጥ ደርድሬያለሁ፣ ወረቀቶቹንም ለጥፌባቸዋለሁ። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ የጉድጓዱ ቁጥር የሚሞላበት ቦታ አለ፣ ሰዓቱም፣ ቀኑም። ከሥር ደግሞ «ናሙናውን የቀዳው» የሚል መስመር አለ። ሌላውን ነገ ነው የምንሞላው። ያችን መስመር ግን መታገሥ አቅቶኝ ዛሬውኑ ስድስቱም ላይ ሙሉ ስሜን ጻፍኩባት።

የምትወድሽ ታናሽ እኅትሽ

ከላቦራቶሪው፣ ከማድረቂያው አጠገብ ካለው ጠረጴዛ
መጋቢት ፲፬ ቀን፣ ከሥራ መውጫ ላይ ተጻፈ